እስክትፈተን

የትነበርሽ አባቷ መሞቱን የሰማችው አልጋ ሥር ጎንበስ ብላ ጫማዋን ስትፈልግ ነው። ገና መንጋቱ ነበር። እሷ የምትተኛበት ክፍልና የአጎቷ የአስማረ መኝታ ቤት የሚለያዩት በቺፑድ ስለሆነ በዚያ ቤት ማንኮራፋቱም ሳሉም የጋራ ነው፤ ምስጢር ያለው ሰው ደጅ ወጥቶ ነው የሚያወራው። አስማረ አሥር ቀን ሙሉ ደጅ እየወጣ ሲያወራ ከረመና በአሥራ አንደኛው ቀን ሰለቸው መሰለኝ፣ አልጋው ላይ እንደተቀመጠ፣ «ነገ ነው አሥራ ሁለተኛ ቀኑ። ዛሬ ተፈትና ትምጣ፤ ነገ ሲነጋጋ እንነግራታለን» አለ። ሚስቱ እታገኘሁ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አባቷን ሳትቀብር መቅረቷ ሳያንስ ይኸን ሁሉ ቀን ስትበላና ስትስቅ ዝም ብሎ ማየት ግፍ ነው፣ እኔ ብሆን ዕድሜ ልኬን አልምርህም አለችው። እሱም እኔ መቼ ፈለግሁ አለ። «ራሱ ዋኘው ነው ያስማለኝ፣ ነፍሱን ይማረውና። ሳትፈተን እንዳትነግሯት አለ። ከዚያ ወዲያ ሌላ አልተናገረም።»

የትነበርሽ አንድ እግር ጫማ በእጇ እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሰው ይጮኻል፣ ደረቱን ይደቃል፣ ጎረቤት በሩን ገፍትሮ ይገባል። እሷም ጩኸቱ እስኪመጣ ጠበቀች፤ አልመጣም። የመጣላት ሌላውን እግር ጫማ የት እንዳስቀመጠችው ነው፤ ከበሩ ኋላ፣ ከመሣሪያ ቦርሳዋ አጠገብ። ማሰብ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ድምፅ ብታሰማ ሰፈሩ ይሰበሰባል፣ ለቅሶው ይጀመራል፣ ፈተናው ያልፋታል። ለኤሌክትሪክ ሠልጣኞች የምዘና ተራ የሚደርሰው በአምስት ወር አንዴ ነው። አባቷን ሳትቀብር የቀረችው ለዚህ ፈተና ሲባል ከሆነ፣ ዛሬ ካመለጣት ወይም ከወደቀች ሁለቱንም አጣች ማለት ነው። በምን እንደሞተ እንኳን አላወቀችም። ማጠቢያ ሄዳ ፊቷን ታጠበች፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ከመሣሪያዎቹ ሥር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ጫማዋን አሰረች።

ሳሎን ስትገባ ቤቱ ያው ትናንት የተወችው ቤት ነው፤ ዛሬ ግን ዕቃው ሁሉ አፍ አውጥቶ ይናገር ጀመር። ቴሌቪዥኑ በነጭ ዳንቴል ከተሸፈነ አሥር ቀኑ ነው። ዲሹ ተበላሽቷል ብለዋት፣ እኔ ምን ልሠራ እዚህ ተቀመጥሁ ብላ ጣሪያ ልትወጣ ስትነሳ አስማረ ያለ ወትሮው ተቆጥቷት ነበር። በየሁለት ቀኑ የሚላጨው ሰው ጢሙን አሳድጓል፤ ምላጭ ተወደደ ብሎ ሲቀልድ አብራው ስቃለች። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ምን ስብሰባ እንዳለው ሳይገባት፣ «ለስብሰባ» ብሎ ሦስት ቀን ጠፍቶ ሲመለስ ድምፁ ተዘግቶ ነበር፤ ብርድ ነው ሲላት ዝንጅብል ቀጥቅጣ ሻይ ያፈላችለት እሷ ናት። እታገኘሁም ቤት ውስጥ ሻሽ አስራ የምትውል ሴት አልነበረችም። ለካ ፀጉሯን ተቆርጣ ኖሯል።

ከሁሉ ያሳፈራት የሰፈሩ ነገር ነው። ባለሱቋ ሰሞኑን ከዳቦው ላይ አንድ ትመርቅላታለች፤ ቦኖ ውሃ ሰልፍ ላይ ሴቶቹ አንቺ ቅደሚ ይሏታል፤ የዕድሩ ዳኛ ሳይቀሩ ባርኔጣቸውን አንስተው ደህና ዋልሽ ይሏታል። የትነበርሽ በዚያው ሰሞን የሁለት ቤት ሶኬትና የወፍጮ ቤቱን አምፖል አስተካክላ ስለነበር፣ ሰው ባለሙያነቴን አወቀልኝ ብላ ደረቷን ነፍታ ስትሄድ ከረመች። ሰፈሩ ግን የሚያያት እንደ ባለሙያ አልነበረም፤ አባቷ ሞቶባት እንዳልሰማች ልጅ ነው። ፀዳ ከጎንደር ወጣ ብሎ ያለ አዲስ ሰፈር ነው፣ ጎረቤት ከጎረቤት አይተዋወቅም ይባላል። እንዲህ ያለውን ነገር ግን አንድም ሰው ሳያመልጠው አሥር ቀን ሙሉ አፍኖ ይይዛል። ይኸ ደግነት ይሁን ጭካኔ እኔም እስካሁን አልለየሁትም።

እታገኘሁ ጨጨብሳ በማር አቀረበችላት። አንድ ኪሎ ማር ሺህ ብር በዘለለበት ጊዜ ያ ቤት በአዘቦት ቀን ማር የሚያወጣ ቤት አይደለም። የትነበርሽ አንዱን ጉርሻ አፏ ውስጥ አዟዟረችው፣ በሻይ ገፋችው፣ ሁለተኛውን አልደፈረችም። ፈተና ሲሆን ሆዴ አይቀበልም አለችና በፌስታል ጠቅልላ ያዘችው። ሦስቱም ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል። እታገኘሁ የጠረጴዛ ልብሱን ጫፍ ታስተካክላለች፤ የተስተካከለውን መልሳ ታስተካክላለች። አስማረ ሻዩ ውስጥ ስኳር ጨምሮ ያማስላል፤ ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀ ቆይቷል። የትነበርሽ አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። የአባቷ ስልክ ዝግ ስለሆነባት ላለፉት አሥር ቀናት ጠዋት ጠዋት ከመውጣቷ በፊት የምትጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ዛሬ ሳትጠይቅ ከወጣች ያውቁባታል። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያደረገች ጠየቀች።

«አያ፣ ወደ አገር ቤት ኔትወርክ ገባ እንዴ?»

አስማረ ብርጭቆውን እያየ፣ «ገና ነው። ሲገባ ታወሪዋለሽ» አላት።

ሁለቱም ዋሹ፤ ሁለቱም ለአንድ ሰው ሲሉ። አስማረ ብድግ ብሎ ግንባሯን ሳማትና ቀኝ ያውልሽ አላት። ሁለቱ ወንድማማቾች በመልክ አይገናኙም፤ እሱ ወንበር ላይ የወፈረ አጭር ሰው ነው፣ ዋኘው ፀሐይና እርሻ ያከሳው ረጅም። በስልክ ሲሆኑ ግን ድምፃቸውን ሚስቶቻቸው እንኳን አይለዩትም ነበር። ያንኑ ድምፅ ግንባሯ ላይ ስትሰማ በሩን ያዘች። ልትወጣ ስትል ዐይኗ ቁም ሳጥኑ ላይ አረፈ። ከሥዕለ ማርያሟ ሥር አንዲት ባለቁልፍ ትንሽ ስልክ ቻርጅ ተሰክታለች፤ የኋላ ክዳኗ እንዳይወልቅ በጥቁር ላስቲክ ታስራለች። ላስቲኩን ያሰረችላት ራሷ የትነበርሽ ናት፣ የዛሬ ዓመት ለፋሲካ አገር ቤት ሄዳ። የዘመድ አዝማዱ ቁጥር ሁሉ ያለው በአባቷ ስልክ ላይ ስለሆነ፣ አስማረ ለነገው መርዶ ሰው ሊጠራበት ይዟት መጥቶ፣ እስከ ዛሬ አጥፍቶ ደብቋት ከርሟል። ቻርጀሩ በደንብ አልገባም ነበር። በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችውና ወጣች።

ከፀዳ አዘዞ፣ ከአዘዞ ፒያሳ፣ ሁለት ታክሲ ነው። ከኋላዋ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች የሽንኩርት ኪሎ መቶ ሃያ መግባቱን እያነሱ መንግሥትንም ነጋዴንም ሲያሙ እስከ አዘዞ አደረሱ። ረዳቱ መልስ የለኝም ብሎ አምስት ብር አስቀረባት፤ ወትሮ አትለቀውም ነበር፣ ዛሬ ተወችው። የሚያወሩትን ትሰማለች፣ የሚያልፈውን ታያለች፣ ውስጧ ግን ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ነው፤ ብትነክሰው አያምም። የሚያም ነገር እንዳለ ታውቃለች፣ ያ ብቻ ነው።

አባቷ ዋኘው ከድብ ባሕር አለፍ ብሎ፣ ከአስፋልቱ በላይ ገብስ የሚያርስ ሰው ነበር። ወደ ደባርቅ የሚሄደው የመብራት መስመር በማሳው ላይ ያልፋል። አንዱ ምሰሶ መሐል እርሻው ላይ ተተክሎበታል፤ ቤቱ ግን ከኩራዝና ከአንዲት የፀሐይ ባትሪ በቀር ሌላ መብራት አያውቅም። በየዓመቱ በሬዎቹን በምሰሶው ዙሪያ እያዞረ ሲያርስ፣ ይኸን ሽቦ አንድ ቀን ወደ ቤት ታስገቢልኛለሽ ይላት ነበር። ከዚያ መስመር ላይ እንዲያው ተቀጥሎ አይገባም ብላ ብታስረዳውም አይሰማም። ከትምህርት ቤት ወጥታ ኤሌክትሪክ ልማር ስትል፣ ሴት ልጅ ቀሚሷን ሰብስባ ምሰሶ ልትወጣ ነወይ ብሎ ዘመዱ ሁሉ ሲያጉረመርም እሱ ብቻ ሸጋ ነው አለ። ባለፈው ታኅሣሥ ሰው ሲኦሲ የሚለውን የብቃት ምዘና ወድቃ፣ ከፈተናው ግቢ አጥር ሥር ሆና እያለቀሰች ስትደውልለትም ያለው ያንኑ ነው። ድምፁ እስከ ጎንደር በራሱ ጉልበት መድረስ ያለበት ይመስል ስልክ ላይ ይጮኻል። «ሸጋ ነው፣ ልጄ። ሌላ ጊዜ ታልፊያለሽ። ስታልፊ መጀመሪያ ለእኔ ደውይ» ብሎ፣ እሺ ስትለው ሒሳቧ እንዳይበላባት ፈጥኖ ዘጋው።

ያኔ የወደቀችው ሙያው ጠፍቷት አልነበረም። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ካቻቪቴው ሁለት ጊዜ ከእጇ ወደቀ፤ በሦስተኛው መዛኙ መምህር የሻው ከመሬት አንስተው እየሰጧት፣ በመብራት ሥራ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ራሱንም ሌላውንም ይገድላል አሏት። ከዚያም ገና ብቁ አይደለችም ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ምልክት አደረጉ። ዛሬም የሚመዝኑት እሳቸው ናቸው። የፈተናው አዳራሽ በር ላይ ካኪ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስም እየጠሩ ሲያስገቡ የእሷ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆም አሉ። «የትነበርሽ ዋኘው» ብለው ጠሩ። አባቷ በስሟ ኋላ እንደ ወትሮው ተጠራ። አቤት አለችና ገባች።

ስምንት ተመዛኞች ነበሩ፣ ሰባት ወንዶችና እሷ። ለእያንዳንዳቸው ግድግዳ ላይ የቆመ አንድ አንድ ሰሌዳ ተሰጣቸው። ሥራው ደረጃ ባለው ፎቅ ቤት እንደሚደረገው አንድን አምፖል ከታችም ከላይም ከሁለት ማብሪያ ማብራትና ማጥፋት፣ ከጎኑም አንድ ሶኬት ከነመሬት ገመዱ ማሰር ነው። የትነበርሽ ለካች፣ ቆረጠች፣ የሽቦውን ልጣጭ በፒንሳ ገፈፈች፣ ጫፉን ጠመዘዘች፣ በካቻቪቴ አጠበቀች። መሐል ላይ እጇን አየችው። ዝም ብሎ ይሠራል። የሌላ ሰው እጅ ተውሳ የመጣች መሰላት። ማን ገነዘው የሚል ሐሳብ ይመጣና ቀዩን ሽቦ እስክታስር አጠገቧ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ከዚያ ይሄዳል። እናቷ ምንዳዬ የወደቀች ጊዜ ማን ደገፋት የሚለው ይመጣል፤ እሱም ቆሞ ቆሞ ይሄዳል። ከአጠገቧ የሚሠራው ምስጋናው የሚባል የአዘዞ ልጅ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። አንዴ ናስትሮ አለሽ ወይ ብሎ ሹክ ሲላት ቆርጣ ሰጠችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሁሉም ገና ሽቦ ሲያሳድዱ እሷ ጨርሳ እጇን አጣምራ ቆመች።

መምህር የሻው ሊሞክሩላት ወደ ሰሌዳዋ ሲራመዱ መብራት ጠፋ። በጎንደር ይኸ ወሬ አይደለም። አንዱ ተነፈሰ፣ አንዱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ አንዱ እንዲያውም ሥራው ተበላሽቶበት ነበርና ፊቱ በራ። አንድ ሰዓት ተጠበቀ፣ ሁለት ሰዓት ተጠበቀ። ስምንት ሰዓት ሲሆን መምህር የሻው ሰዓታቸውን አይተው፣ አምፖሉ ሲበራ በዐይኔ ሳላይ ማንንም ብቁ ነው ብዬ አልፈርምም፣ ሥራችሁን እንዳለ ትታችሁ ሂዱና ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ኑ አሉ። ወንዶቹ መሣሪያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት የት እንደምትሆን የትነበርሽ ታውቃለች። ሰባቱ ወንዶች አያውቁም፣ መምህር የሻው አያውቁም፣ እሷ ብቻ ነበረች የምታውቀው። መዛኙ ጠረጴዛ ፊት ሄዳ ቆመች። አባቴ ሞቶብኛል ብትላቸው ያዝኑላታል፤ ምናልባትም አንጀታቸውን ትበላቸውና ወረቀቱን ዝም ብለው ይፈርሙላት ይሆናል። ቃሉ ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። ግን አባቷ ትፈተን አለ እንጂ ይዘኑላት አላለም።

«መምህር፣ እኔ ነገ አልችልም። ዛሬ ይታይልኝ» አለች።

መብራት የለም እኮ አሏት፣ ያላየች ይመስል። ጓሮ ጀነሬተር አለ አለች። ጀነሬተሩ የቢሮ ነው፣ ወደዚህ የሚመጣ መስመር የለውም፣ ቤንዚንም ከጠጣ ወር አልፎታል አሏት።

«ቤንዚኑን እኔ አመጣለሁ። መስመሩንም እኔ እዘረጋለሁ። የተማርነው ይኸንኑ አይደል?»

ወንዶቹ ሳቁ። መምህር የሻው አልሳቁም፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አዩዋት። ቢቃጠል ማን ሊጠየቅ ነው አሏት። እርስዎ ሳያዩት ማንም ቁልፍ አይነካም፣ ስህተት ካገኙበት እዚያው ላይ ጥለውኝ ይሂዱ አለች። ድምጿ ከፍም ዝቅም አላለም። ባለፈው ጊዜ ስሟን ስትጠየቅ እንኳን የምትንተባተብ ልጅ ነበረች፤ ዛሬ የምትፈራው ነገር ሁሉ ሌሊቱን አልቆ ያደረ ይመስላል። መምህሩ ወደ ቢሮው ሄዱና ትንሽ ቆይተው ቁልፍ ይዘው መጡ። አንድ ሰዓት ሰጥቼሻለሁ አሏት። ያን ጊዜ ምስጋናው ቦርሳውን መልሶ መሬት አስቀመጠና፣ ገመዱን ማን ሊይዝልሽ ነው አላት።

ማደያው ላይ የቆመው ሰልፍ ሁለት ቀን ያሳድራል፤ ጎዳና ላይ ግን ቤንዚን በውሃ ፕላስቲክ እየተሞላ በእጥፍ ዋጋ ይሸጣል፣ ፖሊስም ነጋዴውም ይተዋወቃሉ። የትነበርሽ ለምሳና ለታክሲ የያዘችውን አውጥታ ሁለት ፕላስቲክ ገዛች። ከጀነሬተሩ እስከ አዳራሹ ግቢውን አቋርጦ ገመድ መዘርጋት ነበረባት። ሰው እንዳይረግጠው በግንቡ ላይ አስኬደችው፣ በመስኮቱ አሾለከችው፣ መነሻው ላይ ማቋረጫ ብሬከር አሰረችለት። ዘበኛው እየተከተለ ይኸን ግድግዳ ትናንት ነው የቀባነው እያለ ሲነዘንዝ ምስጋናው በቀልድ ያዘው። መምህር የሻው እግር በእግር ተከትለው አዩ፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጠበቅ አድርጊው አሏት፣ አጠበቀች። ጀነሬተሩ ገመዱ ሲሳብ በመጀመሪያው አስነጠሰ፣ በሁለተኛው ጭስ ተፋ፣ በሦስተኛው ተነሳ።

ታችኛውን ማብሪያ ተጫነች። አምፖሉ በራ። ላይኛውን ተጫነች፣ ጠፋ። እንደገና ላይኛውን፣ እንደገና ታችኛውን። መምህር የሻው በዚህ አልበቃቸውም፤ ደጅ ቆይታ እንድትመለስ አዘዟትና ሲያስገቧት ሶኬቱ አይሠራም። በቴስተር ተከትላ ከውስጥ እሳቸው የፈቷትን አንዲት ሽቦ አገኘችና መልሳ አሰረቻት። ከዚያ የሌሎቹም ሰሌዳ በዚያው መስመር ተሞከረ፤ ምስጋናውን ጨምሮ አራቱ ሲያልፉ ሦስቱ ቀሩ። መምህሩ የእሷን ወረቀት ሲፈርሙ ቀና ብለው፣ ባለፈው ካቻቪቴ መያዝ ያቃተሽ ልጅ አይደለሽም እንዴ አሏት። «ዛሬ ምን በልተሽ መጣሽ?»

«ምንም አልበላሁም፣ መምህር።»

እውነቷን ነበር፤ ከአንድ ጉርሻ በቀር ጨጨብሳው ቦርሳዋ ውስጥ እንደታሰረ ነው። እሳቸው ግን ቀልድ መስሏቸው ሳቁና ወደ ወንዶቹ ዞረው፣ በራስ መተማመን ማለት ይኸ ነው፣ እዩና ተማሩ አሉ። ወንዶቹ አጨበጨቡ። የትነበርሽ ፈርሚ ያሏት ቦታ ላይ ፈረመች። ብቁ የሚለው ቃል በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል። ፀዳ ላይ ፎቅ የሚሠራው ተቋራጭ ይኸን ወረቀት ይዛ ከመጣች ሰኞ ሥራ ትጀምራለች ብሎ ነበር። ደስታውን ጠበቀችው፤ እሱም እንደ ጠዋቱ ጩኸት አልመጣም። የታክሲ ገንዘቧ ቤንዚን ሆኖ ስለነበር ምስጋናው ከፈለላት፣ እስከ አዘዞም አብረው ሄዱ። ሊወርድ ሲል መጀመሪያ ለማን ልትነግሪ ነው አላት፣ እኔ እናቴ እልል ስትል ሰፈሩ ይሰማል እያለ። ለአባቴ አለችው።

ፀዳ ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ባለሱቋ ከሩቅ ስታያት የተደረደረውን ሳሙና እንደገና መደርደር ጀመረች። በጎረቤት አጥር ውስጥ የዕድሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ተነባብረው በሸራ ተሸፍነዋል፤ የድንኳኑ ብረት ደግሞ ለሸራው በዝቶበት እግሩ ይታያል። ሰዎቹ የሚችሉትን ያህል ደብቀዋል። ከአጎቷ ግቢ የቆርቆሮ በር ደርሳ በቀዳዳው ስታይ፣ ደጃፉ ላይ የቤቱ ያልሆኑ አምስት ጥንድ ጫማዎች ተደርድረዋል። አገር ቤት የሚደረግ የፕላስቲክ ጫማ ነው፣ ጭቃውም የድብ ባሕር ጭቃ። ዘመዶቿ መጥተዋል። እስከ ነገ ንጋት እሷ እንዳታያቸው መኝታ ቤት ገብተው፣ ከቺፑዱ ወዲያ ድምፃቸውን አጥፍተው ሊያድሩ ነው። በመስኮቱ የሴቶች ሹክሹክታና የአስማረ ሳል ይሰማል። እሷም ገብታ፣ አለፍኩ ብላ፣ እሰይ ተብላ፣ እራት በልታ፣ ተኝታ፣ ነገ በጎሕ እንዳልሰማች ሆና ልትነቃ ነው። ያን ያህል ጉልበት አልቀራትም።

ስልኳን አወጣች። መጀመሪያ ለእኔ ደውይ ተብላለች፤ እሺ ብላለች። አባዬ የሚለውን ፈልጋ ተጫነች።

ቤት ውስጥ ስልክ ጮኸ። ሹክሹክታው ቆመ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ጮኸ፤ አንድ ሰው ወንበር አንኳኳ፤ አንዲት ሴት በስመአብ አለች። አስማረ የወንድሙን ስልክ በእጁ ይዞ ስሟን እያየ እንደቆመ የትነበርሽ ሳታየው አወቀችው። ሊዘጋ አንድ ጥሪ ሲቀረው ተነሳ። ማንም አቤት አላለም። የሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«አባዬ» አለች። «አለፍኩ።»

ከዚያ ድምፁ መጣ፣ በአንድ ጆሮዋ ከስልኩ፣ በሌላው ከቤት ውስጥ፣ ከድብ ባሕር እስከ ጎንደር በራሱ ጉልበት መድረስ ያለበት ይመስል እየጮኸ።

«ሸጋ ነው፣ ልጄ። ሸጋ ነው።»

ፈጥኖ አልዘጋውም። እሷም አልዘጋችውም። የአስማረ ትንፋሽ ወደ ለቅሶ ሲቀየር ሰማች። የትነበርሽ ከመሣሪያዎቹ ሥር ነጠላዋን አወጣችና ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ እንደ ሐዘንተኛ ለበሰችው። የበሩን መቀርቀሪያ ልታነሳ እጇን ሰደደች። ቀኑን ሙሉ ሽቦ ሲያስር የዋለው እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። መቀርቀሪያውን ያዘችው፣ አመለጣት፤ እንደገና ያዘችው፣ እንደገና አመለጣት። ከውስጥ የሚሮጥ እግር መጣና በሩ ተከፈተ። እታገኘሁ ነበረች፣ ሻሿ ከተቆረጠ ፀጉሯ ላይ ተንሸራቶ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። ጠዋት አልጋ ሥር ተቀምጣ የጠበቀችው ጩኸት ያን ጊዜ መጣ።